በማን ስም ተመዝግባ ይሆን?

ከመቶ ሠላሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን 64 የኦሮሞ ልጆችን ተራ በተራ እየጠሩ ሕይወታቸውን ጠየቋቸው። ከ64ቱ 22ቱ ሴቶች ነበሩ። የአባትሽና የእናትሽ ስም ማን ነው? ተወላጅነትሽ ከየት ነው? ቤተሰቦችሽ መሬትና ከብት ነበራቸው ወይ? ከቤት የወሰደሽ ማን ነው? ለማን ሸጠሽ? እያንዳንዷ ልጅ መለሰች፤ የመለሰችውም ተጻፈ። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1888 እና በ1889 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ ካስቆሟቸው የባሪያ ጀልባዎች የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ኤደን አጠገብ ባለው ሚሲዮን ተጠለሉ። ሙቀቱና በሽታው አንዳንዶቹን ስለገደለ የተረፉት እ.ኤ.አ. በ1890 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ወዳለው ወደ ሎቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ።

ከእነዚያ ሴት ልጆች አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። አድጋ እዚያው ደቡብ አፍሪካ መምህርት ሆነች። ከኔልሰን ማንዴላ ጋር ሮበን ደሴት የታሰረው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር የልጅ ልጇ ነው። ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባለች ተመራማሪ የልጆቹን ቃል ከያለበት አሰባስባ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከመንደሩ እስከ ባሕር የተጓዘበትን መንገድ በካርታ ጭምር አውጥታ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳተመችው። ከዚያ በፊት የጻፈችው የዶክትሬት ጥናቷም በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ማከማቻ በነጻ ይገኛል። ስልክና ትንሽ ዳታ ያለው ሰው ሁሉ ሊከፍተው ይችላል።

ቡራዩ ውስጥ የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ሴቶች ታሪክ ሲጀምሩ መጀመሪያ የማሳያቸው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የልጆቹን ስም ሲያዩ የአክስታቸውን፣ የጎረቤታቸውን ስም ያገኛሉ። አንዲት ተማሪ አንብባ ስትጨርስ «ቲቸር፣ ይህ ሁሉ እስካሁን የት ነበር?» አለችኝ። ጥያቄዋ ለሁላችንም የሚሆን መልስ ይፈልጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የሴቶች ታሪክ ግን ተጽፎም ሊረሳ ይችላል፤ በማን ስምና በየትኛው መዝገብ እንደተጻፈ ካልታወቀ ፈላጊው አያገኘውምና። የቢሾና የጓደኞቿ ቃል የኖረው «ሚሲዮን» በሚል ርዕስ ሥር ነው። «የኢትዮጵያ ሴቶች ታሪክ» ብሎ የሚፈልግ ሰው በዚያ በኩል አያልፍም።

ምንጭ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የታሪክ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ የሚሉት ነገሩ በተፈጸመበት ጊዜ ወይም በቦታው በነበረ ሰው የተዘጋጀውን ማስረጃ ነው። ደብዳቤ፣ ውል፣ ኑዛዜ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ ፎቶግራፍ፣ ጋዜጣ፣ አዋጅ፣ የምስክርነት ቃል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እነዚህን አንብቦ የሚጽፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ ይባላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየመጋቢቱና በየየካቲቱ የሚዞሩት የጀግኖች ሴቶች ጽሑፎች አብዛኞቹ ከሁለተኛም የራቁ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው እየቀዳ፣ ዓመተ ምሕረቱ እየተዛባ፣ የአንዷ ሥራ ለሌላዋ እየተሰጠ ይሄዳል። ለዚህ ነው ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ መነሻው እንዲወርድ የምፈልገው።

መነሻው ላይ ሲደርስም ሦስት ነገር ይጠይቅ። ማን ጻፈው? ለማን ብሎ ጻፈው? ሴትዮዋ ራሷ ብትጽፈው ኖሮ ምን ይጨመር ነበር? የፓሪሱ ለ ፔቲ ዡርናል ጋዜጣ ከዓድዋ ድል ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የእቴጌ ጣይቱን ሥዕል በቀለም አትሟል። ሥዕሉ ፈረንሳዮች ስለ ጣይቱ ምን እንዳሰቡ ይነግረናል። ጣይቱ በእርግጥ ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ግን ሠዓሊው አይቷት ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል። ያው አንድ ምንጭ ለአንዱ ጥያቄ ጠንካራ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል።

ፍለጋው ከስም ይጀምራል

ፍለጋ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ገና ሲጀመር ነው። በኮምፒውተር ዘንድ «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»ም እንደዚሁ። ስለዚህ አንዱን ስም በሚቻለው ፊደል ሁሉ እየቀያየሩ መጻፍ ግድ ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ጣሊያኑ፣ ፈረንሳዩ፣ እንግሊዙና ጀርመኑ የጣይቱን ስም የጻፉት እያንዳንዳቸው ለጆሯቸው እንደመሰላቸው ነው። ተማሪዎቼ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ ለእያንዳንዷ ሴት የስም ዝርዝር ይይዛሉ፤ አዲስ አጻጻፍ ባገኙ ቁጥር ይጨምሩበታል።

ሁለተኛው ነገር ማዕረግ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ቁስቋም ከእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ዛሬ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነጻ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ምንትዋብ በአብዛኛው የምትጠራው «እቴጌ» ተብላ ነው። በስሟ ብቻ የፈለገ ሰው ስለ እሷ የተጻፈውን ብዙውን ክፍል ያልፈዋል። ወይዘሮ፣ እመቤት፣ እማሆይ፣ እመት የሚሉትንም በላቲን ፊደል እየጻፉ መሞከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የባልና የአባት ስም ነው። የውጭ አገር መዛግብት ብዙ ሴቶቻችንን የያዙት «የእከሌ ሚስት»፣ «የእከሌ ልጅ» ብለው ነው። ይህ ያበሳጫል፤ እኔንም ያበሳጨኛል። ቢሆንም ቁልፉ እሱ ከሆነ በእሱ መክፈት ነው። አርበኛዋን ከበደች ሥዩምን የሚፈልግ ሰው አባቷን ራስ ሥዩም መንገሻንና ባሏን ደጃዝማች አበራ ካሣንም ይፈልግ።

አራተኛው የቦታና የሕዝብ መጠሪያ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች አገራችንን አቢሲኒያ ይሏታል። ኦሮሞን ደግሞ ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠር በቀድሞው መጠሪያ ይጠሩታል፤ አንዳንድ የቤተ መዛግብት ዝርዝሮች እስካሁን አልቀየሩትም። ተማሪዎቼ ይህን ቃል ሲያገኙ ይከፋቸዋል። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ቃሉን የፍለጋ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ግድ ሊሆንብን ይችላል፤ በራሳችን ጽሑፍ ውስጥ ግን ቦታ የለውም። በመጨረሻ የዘመን አቆጣጠር አለ። በኛ 1888 የሆነው የዓድዋ ጦርነት በፈረንጅ 1896 ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ያልያዘ ፈላጊ የተሳሳተ ዓመት ጋዜጣ ሲያገላብጥ ያመሻል።

የብራናው ኅዳግ

ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ሴቶች የተጻፈ እጅግ ጥንታዊና ሰፊ ማስረጃ ያለው በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ተማሪ ሁሉ ቢያውቀው እመኛለሁ፤ ገድለ ወለተ ጴጥሮስን። ወለተ ጴጥሮስ የኖረችው እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 ነው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟል ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ ትዳሯን ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡን ተቃወመች፤ ተከሳ ተሰደደች፤ ጣና ዙሪያና ከዚያም ባሻገር ማኅበራትን መሠረተች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ከማኅበሯ የሰማውን በግዕዝ ጻፈው። ዌንዲ ቤልቸርና ማይክል ክላይነር እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳትመውታል።

ይህን የመሰሉ መጻሕፍትን ፎቶ ለማየት ድሮ ገዳሙ ድረስ መሄድ ወይም አውሮፓ መሻገር ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እንዲቀረጹ የተጀመረው ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አድኗል። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበትም የእነዚህ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ በከፈተው የኦንላይን ማንበቢያ በነጻ ተመዝግቦ በርካታዎቹን ገጽ በገጽ ማየት ይቻላል። ፓሪስ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም አንቷን ዳባዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን ብራናዎች ጋሊካ በተባለው ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት ደግሞ ሰዎችን፣ ቦታዎችንና ድርሰቶችን በስም በስማቸው አያይዞ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት መርሐ ግብርም ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጹ መጻሕፍት አሉት።

ብራና የከፈተ ሰው ዋናውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ እንዳይዘጋው አደራ እላለሁ። ባዶ ቅጠሎቹንና ኅዳጉን ይይ። ቤተ ክርስቲያን የመንደሩ ውል አዋዋይ ስለነበረች የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ የሚጻፈው በወንጌሉ ወይም በተአምረ ማርያሙ ትርፍ ገጽ ላይ ነበር። አጻጻፉ የታወቀ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ንጉሡና ጳጳሱ በስም ይጠራሉ፤ ቀጥሎ የአጥቢያው ሹምና አለቃው ይነሳሉ። ከዚያ ሻጭና ገዢ፣ የመሬቱ ስም፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ በአሞሌ ጨው ወይም በብር ይነገራል። መጨረሻ ላይ ዋሱና እማኞቹ ይደረደራሉ፤ ውሉን ያፈረሰ እንዲወገዝም ይታዘዛል። በእነዚህ መስመሮች መካከል «ወለተ» እያለ የሚጀምር ስም ሲገኝ ያን ጊዜ ቆም ማለት ነው። ሴት ሻጭ ናት? ገዢ ናት? ከአባቷ የወረሰችውን ነው የምትሸጠው ወይስ ከባሏ ጋር ያፈራችውን? ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር እንዲህ ያሉ የጎንደር ዘመን ማስታወሻዎችን መርምሮ ሴቶች መሬት ሲወርሱ፣ ሲገዙ፣ ሲሸጡና ሲከራከሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። ሴት የምትጻፈው ንግሥት ወይም ጻድቅ ስትሆን ብቻ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ከኛ ከተሞች የሚነሱት መንገዶች

ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከአዲስ አበባ ሲወጣ ወይም ሲገባ የሚያልፋቸው ሆነው ነው። እኔ ግን ተማሪዎቼን «መንገዱን ተከትላችሁ ሴቶቹን ፈልጉ» እላቸዋለሁ።

ከቡራዩ ወደ ምዕራብ፣ ገፈርሳን አልፎ፣ ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም ይገኛል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1916 የተወለዱት እዚያ ነው። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ፤ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ አሲናራ ደሴት ላይ ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ «የልቤ መጽሐፍ»ን ጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሙዚቃቸውን ዓለም የሚያዳምጠው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እህታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት ነበሩ። ከአዲስ ዓለሙ የጣሊያን ምሽግ ጋር ስሟ የሚነሳው አርበኛዋ ሸዋረገድ ገድሌም የአሲናራ እስረኛ ነበረች። እንግዲህ የሦስት ሴቶች ታሪክ በአንድ እስር ቤት በኩል ያልፋል ማለት ነው። ስማቸውን ብቻ ሳይሆን «አሲናራ»ን እና አዲስ አበባ ላይ ጭፍጨፋው የተፈጸመበትን «የካቲት 1929»ን (በፈረንጅ የካቲት 1937) አብሮ መፈለግ ፍለጋውን ያሰፋዋል።

ያው መንገድ ሲቀጥል ነቀምቴ ይደርሳል። የመጀመሪያው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ኋላ እዚያ ካስተማረችው ከአስቴር ጋኖ ስም ጋር የተሳሰረ ነው። አስቴር በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች ባሕር ላይ ነጻ ካወጧቸው ሰዎች መካከል ሆና ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ለኦሮምኛ መዝገበ ቃላት 15,000 ገደማ ቃላት ሰበሰበች። ተረቱን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች፤ የንባብ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1899 በወጣው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከተርጓሚው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ደክማለች። ሥራው በሰፊው የሚታወቀው ግን በአናሲሞስ ስም ነው። የአስቴርን የራሷን ድርሻ ማውጣት የሚቻለው የሚሲዮኑን ደብዳቤዎችና ሪፖርቶች በማገላበጥ ነው፤ ስዊድንኛ የተጻፉትን ደግሞ ዛሬ የስልክ መተርጎሚያ ቢያንስ ፍሬ ነገሩን ይነግረናል። እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ክፍሌ ውስጥ ይህ ጥሩ አጋጣሚ ፈጥሯል፦ ኦሮምኛን በቁቤ ብቻ የሚያነቡ ልጆች ፊደል ከሚያውቁ ጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው አንዱ ድምፁን ሲያወጣ ሌላው ትርጉሙን ያወጣል።

ሱሉልታን ይዞ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ፍቼ ያደርሳል። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጣሊያኖች የተገደሉት እዚያ ነው። የአበራ ባለቤት ከበደች ሥዩም ከዚያ በኋላ ጦር እየመራች ተዋጋች። ስለዚያ ዘመን ብዙ ፊልምና ፎቶ የሚገኘው ሮም ባለው በኢስቲቱቶ ሉቼ የኦንላይን መዝገብ ነው። ይህ ድርጅት የፋሺስቱ መንግሥት የፕሮፓጋንዳ እጅ ስለነበር ካሜራው የሚያየው መንግሥቱ እንዲታይ የፈቀደውን ነው። ኢትዮጵያዊት ሴት በፊልሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስም የላትም፤ ወይ ገበያ ላይ ናት፣ ወይ እጅ የሚነሳው ሕዝብ ውስጥ ናት። ከጎኑ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ሆና እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1936 ጀምሮ ስታሳትም የነበረውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው ሲልቪያ ለኢትዮጵያ ስትታገል ኖራ አዲስ አበባ አርፋ ቅድስት ሥላሴ ተቀብራለች። ጋዜጣዋም ወገን ለይቶ የቆመ ነው። ሁለት ወገንተኛ ምንጮችን ጎን ለጎን ማንበብ አንዱን ብቻ ከማመን በእጅጉ ይሻላል።

ሰበታ ላይ ደግሞ የሴቶች ገዳም አለ። እዚያ ያሉ እናቶች ታሪክ በኢንተርኔት አይገኝም ማለት ይቻላል። ይህም ራሱ አንድ ትምህርት ነው። ኦንላይን የወጣው አንድ ሰው ሊያወጣው ገንዘብና ፈቃድ ያገኘለት ነገር ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሌለውን «አልነበረም» ብሎ መደምደም ትልቅ በደል ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በአካል መሄድን የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

አዋጁም ይናገራል

ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ የሚሰለቹት ከዚያም የሚከራከሩበት ምንጭ ሕግ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ወጥቷል፤ አዋጆቹ በተለያዩ ድረ ገጾች ላይ በፒዲኤፍ ይገኛሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ከፍተን እናነባለን፦ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 581 ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ ያደርጋል። ቀጥለን በ1967 ዓ.ም. የወጣውን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31ን እናያለን፤ ያለ ፆታ ልዩነት ማረስ ለሚፈልግ ሰው መሬት ይሰጠዋል ይላል። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የተባለውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግና የኦሮሚያን አዋጅ ቁጥር 69/1995 እናነባለን፤ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆኗል፣ ባልና ሚስት በትዳር አስተዳደር እኩል ሆነዋል። አራቱን በተርታ ያነበበች ልጅ አያቷ፣ እናቷና እሷ በሦስት የተለያዩ ሕጎች ሥር እንደተወለዱ ትረዳለች።

ሕግ የሚነግረን ምን እንዲሆን እንደታዘዘ ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ባለፉት ሃያ ዓመታት በገጠር የተሰጠውን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያየ ሰው የባልና የሚስት ስም አብሮ ሰፍሮ ያገኛል። ያ ደብተር በብዙ ቤት ውስጥ ሳጥን ሥር አለ። ከአዋጁ አጠገብ ሲቀመጥ የታሪክ ምንጭ ይሆናል።

እኛ የያዝነው

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ሠፈር እመለሳለሁ። የውጭ ቤተ መዛግብት የያዙት ሚሲዮናዊው፣ ተጓዡና ወራሪው የጻፉትን ነው። ሴቶች ስለ ሴቶች፣ በሴቶች እጅ የጻፉትን የት እናገኛለን? አንዱ ቦታ የሴቶች እድር ነው።

የሠፈራችን የሴቶች እድር መዝገብ ትልቅ፣ ጠርዙ የላላ፣ መስመር ያለው ደብተር ነው። ገጾቹ በእጅ በተሠመሩ ዓምዶች ተከፍለዋል፤ ስም፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ያመለጠ ስብሰባ፣ ቅጣት። ከኋላ በኩል የዕቃ ዝርዝር አለ፤ ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ ትሪ፣ ድንኳን፤ የተሰበረ ካለ ማን እንደተካው ተጽፏል። የጸሐፊዋ እጅ ጽሑፍ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ተተክታለችና። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ከብዙ ስሞች አጠገብ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ወደ ኋለኞቹ ሲገለጥ አሻራው እየቀነሰ ፊርማው ይበዛል። ካነበብኩት የመሠረተ ትምህርት ሪፖርት ሁሉ ይህ ደብተር የበለጠ አስረድቶኛል። መዋጮው ሲጨምር የኑሮ ውድነት ይታያል። አባል ስትሰረዝና ስትገባ ሠፈሩ ከእርሻ ወደ ከተማ እንዴት እንደተለወጠ፣ ሰው ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ይታያል።

የእድሩ ሰብሳቢ መዝገቡን ፎቶ እንድናነሳ ስንጠይቃቸው መጀመሪያ ያሉት «አዴ፣ የሰው ገመና አለበት እኮ» ነበር። ልክ ናቸው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ ቀርበን ለአባላቱ ተናገርን። በሕይወት ያሉ ሰዎች ስምና ቅጣት ለማንም እንዳይታይ፣ ቅጂው ለእድሩ እንዲሰጥ፣ ተማሪዎቹ የሚጠቀሙት ቁጥሩንና ሁኔታውን ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ምንጭ ፍለጋ ከመተማመን ውጭ አይሠራም፤ በተለይ ሴቶች ለራሳቸው ብለው የጻፉትን ሲሆን።

ቤታችሁ ውስጥ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የገበሬ ማኅበር መታወቂያ፣ ፎቶ ወይም ደብዳቤ ካለ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱን ጥላ በሌለበት፣ በመስኮት ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ በስልክ አንሱት። ፊትና ጀርባውን አንሱ፤ ፎቶ ጀርባ ላይ የተጻፈች ትንሽ ቃል ብዙ ጊዜ ከፎቶው ትበልጣለች። ፋይሉን ቀኑን፣ ቦታውንና የባለቤቷን ሙሉ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ «ስካን አንድ» የሚል ስም ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። ሴትዮዋ በሕይወት ካለች አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ ወረቀቱን እያሳያችሁ ድምፅዋን ቅረጹ፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃዷን ጠይቁ፤ ፈቃዷም በቀረጻው ላይ ይሰማ። ከዚያ ቅጂውን ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ። ዋናውን ወረቀት ከቤት አታውጡ፤ የሚገዛው ሰው ቢመጣም አትሽጡት።

ሚሲዮናውያኑ ቢሾ ጃርሳን ስሟን፣ ወላጆቿንና መንገዷን ስለጠየቋት ዛሬ እናውቃታለን። ቡራዩ ውስጥ ካሉት እናቶቻችን ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ብዙ ናቸው። የሚጠይቃቸው ሰው ከስኮትላንድ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፤ ስልኩ በእጃችን ነው፣ ቋንቋውን እናውቀዋለን፣ በሩንም እናውቀዋለን። ስንጽፍም በማንም ሥር ሳይሆን በገዛ ስማቸው እንመዝግባቸው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የምትፈልጋቸው ተማሪ በባላቸው ስም እንድትዞር አይገባምና።